እሺታ የሚፈተነው ስልኩ ሲጠራ ነው

ሹክ ልበላችሁ። በዋሽንግተንና አካባቢው በቤተ ክርስቲያን ግቢ፣ በመስጊድ በር፣ በዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ስብሰባና በጁላይ ፎር ሰሞን በሚደረገው የሐበሻ ኳስ ውድድር ዳር ጠረጴዛ ዘርግተው «ኑ፣ ለመቅኔ ልገሳ ተመዝገቡ» ከሚሉት ሰዎች አንዱ ነኝ። የጠረጴዛው ሥራ ለሁሉም ይታያል። ወጣቱ ቅጽ ይሞላል፣ የጉንጩን ውስጥ በጥጥ ይጠርጋል፣ ጥጡ በፖስታ ይታሸጋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ይጨበጨባል። ከዚያ በኋላ ያለውን ግን የሚያየው ሰው ጥቂት ነው። በሽተኛው የሚተርፈው ወይም የሚያልፈው ደግሞ በዚያ በማይታየው በኩል ነው። ዛሬ የማወራችሁ ስለዚያ ወገን ነው፤ ሰው እንዳይሸሽ ተብሎ በጠረጴዛ ላይ የሚታለፈውንም ጭምር።

ዋናውን አስቀድሜ ልንገራችሁ። ስሙን የሚጽፍ ወጣት እናገኛለን። ከዓመታት በኋላ ስሙ ሲጠራ «አቤት» የሚለውን ማግኘት ነው የከበደን።

ዕድሉ ለእኛ ለምን ጠበበ

መቅኔ በትልልቅ አጥንቶቻችን ውስጥ ያለ ለስላሳ ክፍል ነው፤ ደማችን የሚሠራው እዚያ ነው። ሉኪሚያን የመሳሰሉ የደም ካንሰሮች፣ መቅኔው ደም መሥራት የሚያቆምበት አፕላስቲክ አኒሚያ፣ በዘር የሚተላለፈው ሲክል ሴልና ሌሎችም ብዙ በሽታዎች ከሌላ ሰው በተወሰደ ጤነኛ ስቴም ሴል፣ ማለትም ደም በሚሠራው የመቅኔ ህዋስ፣ ሊድኑ ይችላሉ። ጠረጴዛው ጋ የሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው «የደም ዓይነቴ ይሆናል ወይ?» ብሎ ነው። የደም ዓይነት መግጠሙ ግድ አይደለም። ኦ የሆነ ሰው ኤ ለሆነ በሽተኛ ሊሰጥ ይችላል፤ ንቅለ ተከላው ከያዘ በኋላም የበሽተኛው የደም ዓይነት ቀስ በቀስ ወደ ለጋሹ ይለወጣል። መግጠም ያለበት ኤችኤልኤ የሚባለው ነው፤ የሰውነት መከላከያችን የራሱን ከባዕድ የሚለይባቸው፣ በህዋሶቻችን ላይ ያሉ ምልክቶች። ሐኪሞቹ በዋናነት ስምንቱን ያነጻጽራሉ፤ «8 ከ8» ሲባል ከሰማችሁ ሙሉ በሙሉ ገጠመ ማለት ነው።

እነዚህን ምልክቶች ግማሹን ከእናት፣ ግማሹን ከአባት እንወርሳለን። ስለዚህ ከአንድ እናትና አባት የተወለዱ ሁለት ልጆች ሙሉ በሙሉ የመግጠም ዕድላቸው ከ4 አንድ ነው። ከ10 በሽተኞች 7ቱ ገደማ ከቤተሰባቸው መካከል ሙሉ በሙሉ የሚገጥም ለጋሽ አያገኙም። በእኛ ላይ ደግሞ ስደቱ ይጨመርበታል። በሽተኛው ሜሪላንድ ይተኛል፤ እህቱ ሪያድ ናት፣ ወንድሙ ጎንደር ነው። የወንድምየው ናሙና ተልኮ ቢገጥም እንኳ ሰውየውን በአካል ለማምጣት የኤምባሲ ቀጠሮና ቪዛ ያስፈልጋል። ሉኪሚያ ቪዛ አይጠብቅም።

ያኔ ፊት ወደ ለጋሾች መዝገብ ይዞራል። በአሜሪካ ይህን መዝገብ የሚያስተዳድረው ኤንኤምዲፒ የሚባለው ድርጅት ነው፤ ለዓመታት «ቢ ዘ ማች» በሚለው ስሙ ታውቁት ይሆናል። ድርጅቱ ራሱ ሲናገረው የኖረ አኃዝ አለ። አንድ ነጭ በሽተኛ በመዝገቡ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ለጋሽ የማግኘት ዕድሉ 79 በመቶ ሲሆን የጥቁር በሽተኛ 29 በመቶ ነው። ልዩነቱ ሦስት ምክንያት አለው። የመጀመሪያው ተፈጥሮ ነው፤ የአፍሪካ ሕዝቦች የዘር ልዩነት ከዓለም ሁሉ የሰፋ ስለሆነ ሁለት ሰዎች የመግጠማቸው ዕድል ይጠባል። ሁለተኛው የተመዘገበው ሰው ማነስ ነው። ሦስተኛው ከተመዘገቡት መካከል ሲጠሩ የማይገኙት ወይም የሚያፈገፍጉት መብዛታቸው ነው። ሁለቱን በአደባባይ እንናገራለን። ሦስተኛውን የምናወራው እርስ በርሳችን ብቻ ነው።

ሌላም ነገር አለ። አሜሪካ ቅጽ ላይ «ጥቁር» የምትለው ሳጥን ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ ለጋሾች የዘር ሐረጋቸው የሚመዘዘው ከምዕራብና ከመካከለኛው አፍሪካ ነው። የአማራው፣ የኦሮሞው፣ የትግራዩ፣ የጉራጌው፣ የሶማሌው ልጅ የኤችኤልኤ ቅንብር ብዙ ጊዜ ከዚያ ይለያል። ስለዚህ ለሐበሻ በሽተኛ ዕድሉ የሚሰፋው ከዚያው ከአፍሪካ ቀንድ የመጣ ሰው መዝገቡ ላይ ሲኖር ነው። የትኛውም ሆስፒታል፣ ምንም ያህል ገንዘብ ቢኖረው፣ ይህን በሌላ መንገድ ሊያመጣው አይችልም።

መዝገቦቹን መጀመሪያ የገነቧቸው ልጅ የታመመባቸው ወላጆች ናቸው። ሸርሊ ኖላን የምትባል እናት እ.ኤ.አ. በ1974 ለንደን ውስጥ ለልጇ ለአንቶኒ ለጋሽ ፍለጋ የመጀመሪያውን መዝገብ ከፈተች። ልጇ የሚገጥመው ሳያገኝ በ1979 አረፈ፤ በስሙ የተጠራው መዝገብ ግን ዛሬም ይሠራል። በዚያው በ1979 የኮሎራዶው የእንስሳት ሐኪም የሮበርት ግሬቭስ ልጅ ላውራ ሉኪሚያ ይዟት ሲያትል ከማይዛመዳት ሰው መቅኔ ተሰጣት። የገጠማት ለጋሽ የተገኘው ከዚያው ከሕክምና ማእከሉ ሠራተኞች መካከል ነበር። በሽታው ተመልሶባት ከጥቂት ጊዜ በኋላ ብታርፍም፣ ከባዕድ ሰው መቀበል እንደሚቻል ታየ። አባቷና ሌሎች ወላጆች የአሜሪካን መንግሥት በር እያንኳኩ በ1986 ብሔራዊው መዝገብ እንዲቋቋም አደረጉ።

በእስራኤል ደግሞ ዔዘር ሚፂዮን የተባለው ድርጅት መዝገብ ከወታደራዊ ምልመላው ጋር ተያይዟል፤ ወጣቶች ለውትድርና ሲገቡ ለጋሽነት መመዝገብ ይፈልጉ እንደሆነ ይጠየቃሉ። ከእነሱ መካከል የቤተ እስራኤል ልጆች አሉ። መዝገቦቹ በዓለም አቀፍ መረብ የተሳሰሩና ከ40 ሚሊዮን በላይ ለጋሽ የያዙ ስለሆኑ፣ አንድ የጎንደር ዝርያ ያለው የእስራኤል ወታደር ስም ቨርጂኒያ ለተኛ ኢትዮጵያዊ ሊወጣ ይችላል። አሜሪካ ያለን እኛም ለእነሱ እንዲሁ ልንሆን እንችላለን።

ጥጡ ከታሸገ በኋላ

ጥጡ ላቦራቶሪ ይገባል፣ ኤችኤልኤው ይነበባል፣ ስማችሁ በቁጥር ይተካል። የበሽተኛው ሐኪም ፍለጋ ሲከፍት የሚያየው ቁጥር፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የደም ዓይነትና የምልክቶቹን ዝርዝር ነው። ማን እንደሆናችሁ፣ ምን እንደምትሠሩ፣ መልካችሁ ምን እንደሚመስል አያይም። ከአንድ በላይ የገጠመ ሲኖር ወጣቱን ያስቀድማል። ከወጣት ለጋሽ የተቀበለ በሽተኛ የተሻለ የመዳን ዕድል እንዳለው ስለታወቀ ነው። ኤንኤምዲፒ ከ18 እስከ 35 ዓመት የሆኑትን አጥብቆ የሚፈልገውም ለዚህ ነው። አንዴ ከተመዘገባችሁ ግን 61 ዓመት እስኪሞላችሁ ስማችሁ መዝገቡ ላይ ይቆያል።

አብዛኛው ሰው ተመዝግቦ ዕድሜውን ሙሉ ሳይጠራ ይኖራል። ለሚጠራው ደግሞ ስልኩ በማግስቱ ላይመጣ ይችላል። ተማሪ ሆኖ ጉንጩን የጠረገው ልጅ አግብቶ፣ ወልዶ፣ ሥራና ከተማ ቀይሮ ሳለ ይደወልለታል። የመጀመሪያው ጥሪ «ትሰጣለህ» የሚል የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ «ልትገጥም ትችላለህ፤ አሁንም ፈቃደኛ ነህ?» የሚል ጥያቄ ነው። ከዚያ ስለ ጤና ብዙ ጥያቄ ይቀርባል፣ ለማረጋገጫ ደም ይቀዳል። በዚህ ደረጃ ለአንድ በሽተኛ የተለያዩ ለጋሾች በአንድ ጊዜ ሊጠሩ ይችላሉ። የተመረጠው ሰው ሙሉ የአካል ምርመራ ይደረግለታል፤ የልገሳው ነገር በዝርዝር ይነገረውና ፈቃዱን በፊርማው ያረጋግጣል። የሚመረምረው ሐኪም የበሽተኛው ሐኪም አይደለም። የእሱ ኃላፊነት ለጋሹ ብቻ ነው፤ ለለጋሹ ጤና የሚያሰጋ ነገር ካየ በሽተኛው ምንም ያህል ቢቸገር ልገሳው ይቀራል።

ስልኩ ሲጠራ

አሁን ልብ የሚያደማው ክፍል ላይ ደርሰናል። የመዝገቡ አስተባባሪ ስልክ ትደውላለች፤ ቁጥሩ ተቀይሯል። ኢሜይል ትልካለች፤ የኮሌጅ ኢሜይል ነበረና ተዘግቷል። ደብዳቤ ትልካለች፤ ቤቱን ከለቀቀ ቆይቷል። ወይም ስልኩ ይጠራል፣ ነገር ግን የማይታወቅ ቁጥር ስለሆነ አይነሳም፤ የተተወው የድምፅ መልእክትም ሳይሰማ ይቀራል። እኛ በስደት ስልክና አድራሻ የምንቀያይር ሕዝብ ነን። ስማችን ደግሞ በእንግሊዝኛ ፊደል በየሰነዱ ለየብቻ ይጻፋል። በአሜሪካ ልማድ ሰው ሲጠፋ በመጨረሻ ስሙ ቤተሰቡን ይፈልጉታል፤ የእኛ የመጨረሻ ስም የአባት ስም ስለሆነ የአባትና የልጅ እንኳ አይገናኝም። ስለዚህ አንድ ጊዜ የጠፋብንን ሐበሻ ለጋሽ መልሶ ማግኘት ከሌላው ሰው ይልቅ ይከብዳል።

ቅጹ ላይ «ብናጣህ ማንን እንጠይቅ?» የሚል ቦታ አለ። ወጣቶቹ ብዙ ጊዜ ባዶውን ያልፉታል፤ ወይም አብሯቸው የሚኖረውን ጓደኛ ይጽፋሉ። እኔ ጠረጴዛው ጋ ስሆን እዚያ መስመር ላይ እቆማለሁ። ቁጥሯን የማትቀይር ታላቅ እህት፣ አክስት፣ ወይም ከተማው ሁሉ የሚያውቃቸው አባት ይጻፉ እላለሁ። ጥጡ ሐኪሙን እስከ ቁጥራችሁ ያደርሰዋል፤ ከቁጥሩ እስከ እናንተ የሚያደርሰው ያ መስመር ነው።

የቤተሰቡ ምክክር

ስልኩ ተነስቶ ልጁ «እሺ» ካለ በኋላ ሌላ ፈተና አለ። ማታ ቤት ሄዶ ለእናቱ ይናገራል። በማግስቱ ይደውልና «እናቴ አይሆንም አለች» ይላል። ይህን ቃል የሚሰማ አስተባባሪ ሐበሻ ካልሆነ ነገሩ አይገባውም፤ «ዕድሜው ከ18 በላይ ነው፣ ውሳኔው የራሱ ነው» ይላል። እኛ ግን እናውቃለን። እናቱ እያለቀሰች ልጅ ወደ ሆስፒታል አይሄድም።

ስለዚህ ከለጋሹ ቀጥሎ የምናነጋግረው እናትን ነው። ልጁ ከፈቀደ ስልክ ተደውሎ፣ ወይም ቤት ተኪዶ፣ ቡና ተፈልቶ ይወራል። ጥያቄዎቹ ከቤት ቤት አይለያዩም።

«ልጄን ኩላሊቱን ሊወስዱት ነው?»

«አይደለም እማማ፣ ከሰውነቱ የሚጎድል ምንም አካል የለም። የሚወስዱት ከመቅኔው ጥቂቱን ነው፤ እሱም በሳምንታት ውስጥ ራሱን ይተካል።»

«አከርካሪው ቢነካ፣ ሽባ ሆኖ ቢቀርብኝስ?»

«አከርካሪ ጋ የሚደርስ መርፌ የለም። ከመቅኔው በቀጥታ የሚወሰድ ከሆነ ከዳሌው አጥንት ነው፤ ከኋላ፣ ከቀበቶው ዝቅ ብሎ። እርስዎ የሚያስቡት ከጀርባ ውሃ የሚቀዳበትን ምርመራ ነው፤ ያ ሌላ ነው።»

«ነገ ልጅ መውለድ ቢያቅተውስ?»

«ከመውለድ ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም።»

የእናቶች ፍርሃት ባለማወቅ ብቻ የመጣ አድርጎ ማየት በደል ነው። ልጃቸውን በስንት መከራ ያሳደጉ፣ በባዕድ አገር ሆስፒታል ቋንቋ ያልገባቸው፣ ሰው ሲሞት እንጂ ሲድን ያላዩ እናቶች አሉ። ሲነገራቸው ግን ይሰማሉ። «እዚያ የተኛውም እናት አለችው» ሲባሉ ዝም ብለው ቆይተው፣ ልጃቸውን እጁን ይዘው ሆስፒታል የሚያደርሱትም እነሱው ናቸው።

የሃይማኖቱም ነገር በውስጥ የምናውቀው ነው። ለጋሹ ዐቢይ ጾም ላይ ወይም ረመዳን ላይ ሊደርስበት ይችላል፤ የሚቆርብ ሰው ደግሞ በቆረበበት ቀን ደም እንዲወጣው አይፈልግም። ቀኑን የሚወስነው የበሽተኛው ሁኔታ ስለሆነ በፈለጋችሁት ቀን ይደረግ ማለት አይቻልም። ሆኖም አስቀድሞ ከተነገረ አስተባባሪዎቹ ለማመቻቸት ይጥራሉ። ስለዚህ የነፍስ አባታችሁን፣ ኢማማችሁን ወይም ፓስተራችሁን የምታማክሩት ስትመዘገቡ ይሁን፤ ስትጠሩ ጊዜው ይጠብባችኋል።

በጠረጴዛ ላይ የማይነገረው ቀን

ከሁሉ የከበደውን ምሥጢር እዚህ ላይ ልንገራችሁ። ለጋሽ በማንኛውም ጊዜ «ትቼዋለሁ» ማለት ይችላል። ማንም አያስገድደውም፣ ማንም ሊያስገድደው አይገባም፤ ይህ መብት በየደረጃው ይነገረዋል። ነገር ግን በሂደቱ ውስጥ አንድ ቀን አለ፤ ከዚያ ቀን በኋላ የሚመጣ «ትቼዋለሁ» ሰው ሊገድል ይችላል።

በሽተኛው አዲሱን ስቴም ሴል ከመቀበሉ በፊት ባሉት ቀናት ከባድ ኬሞቴራፒ፣ አንዳንዴም ጨረር ይሰጠዋል። ዓላማው የታመመውን መቅኔ አጥፍቶ ለአዲሱ ቦታ ማስለቀቅ ነው። ያ ሰው ከዚያ በኋላ የራሱ የሆነ ደም የሚሠራ መቅኔ የለውም። ነጭ የደም ህዋሱ ወርዶ ያልቃል፤ ተራ ጉንፋን ሊገድለው ይችላል። ማሳው ታርሶ፣ የነበረው ሁሉ ተነቅሎ፣ የሚጠበቀው ዘሩ ብቻ ነው። ለጋሹ በዚያ ሰዓት ስልኩን ቢያጠፋ ሐኪሞቹ በጥድፊያ ሌላ ለጋሽ፣ ሌላ መንገድ ይፈልጋሉ፤ ሁልጊዜ ግን አይደርሱም።

ይህን ጠረጴዛ ላይ ብንናገረው ሰው ይፈራል የሚሉ አሉ። እኔ መነገር አለበት ባይ ነኝ። ፈርቶ ዛሬ ያልተመዘገበ ሰው ማንንም አይጎዳም። ሳይገባው ተመዝግቦ በመጨረሻው ሰዓት የሚጠፋው ግን፣ ሳያውቅ፣ አንድ ቤተሰብ ላይ የሚያደርሰው ነገር አለ። በመካከል ያለውም ጉዳት ቀላል አይደለም። ገና በመጀመሪያው ጥሪ «አልችልም» የሚል ሰው ሐኪሙ ሳይዘገይ ወደ ሌላው እንዲዞር ያደርጋል። «አልችልም» ለማለት አፍሮ ቀጠሮ እያስተላለፈ ሳምንታት የሚያባክነው ግን በሽታው እንዲቀድም ያደርጋል። እኛ አገር «አይ» ማለት ነውር ይመስለናል፤ በዚህ ሥራ ውስጥ ግን በጊዜ የተነገረ «አይ» ትልቅ ውለታ ነው።

ልገሳው እንዳለ ሲነገር

ሁለት መንገድ አለ፤ የትኛው እንደሚሻል የሚጠይቀው የበሽተኛው ሐኪም ነው። ዛሬ የሚበዛው ከደም ሥር የሚወሰደው ነው። ለጋሹ ለ5 ቀናት ፊልግራስቲም የሚባል መድኃኒት በመርፌ ይወስዳል። መድኃኒቱ ስቴም ሴሎቹ እንዲበዙና ከአጥንት ወጥተው ወደ ደም እንዲገቡ ያደርጋል። በእነዚያ ቀናት ወገብ፣ ዳሌ፣ ደረት ላይ ያሉ አጥንቶች ይታመማሉ፣ ራስ ያማል፤ ጉንፋን ሊይዝህ ሲል እንዳለው ስሜት ነው የሚሉ ብዙ ናቸው። ከልገሳው በኋላ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይለቃል። በልገሳው ቀን ከአንዱ ክንድ ደም ይወጣል፣ በማሽን ውስጥ ያልፋል፣ ስቴም ሴሉ ተለይቶ ይቀርና ቀሪው በሌላው ክንድ ይመለሳል። ብዙ ሰዓት ይወስዳል፤ ከ4 እስከ 8 ሰዓት መተኛት ሊያስፈልግ ይችላል። በዚያ ጊዜ ክንድን እንደ ልብ ማንቀሳቀስ አይቻልም፤ ደሙ እንዳይረጋ የሚጨመረው ንጥረ ነገር ካልሲየም ስለሚቀንስ ከንፈርና ጣት ሊነዝር ይችላል። ለነርሷ ንገሯት፤ ካልሲየም ትሰጣችኋለች። የክንዳቸው ደም ሥር ለቀጠነ ሰዎች በአንገት ወይም በሌላ ቦታ ባለ ትልቅ ደም ሥር ቱቦ ሊገባ እንደሚችልም ቀድማችሁ እወቁ።

ሁለተኛው በቀጥታ ከመቅኔ የሚወሰደው ነው። በቀዶ ሕክምና ክፍል፣ በሙሉ ማደንዘዣ ይደረጋል። ለጋሹ በሆዱ ተኝቶ ሐኪሞቹ ከዳሌ አጥንት ከኋላ በኩል በመርፌ ደም የመሰለውን ፈሳሽ መቅኔ ይቀዳሉ። ከ1 እስከ 2 ሰዓት ይወስዳል፤ ለጋሹ ምንም አይሰማውም። ከነቃ በኋላ ወገቡ አካባቢ ወድቆ የተመታ ያህል ያመዋል፤ አንዳንዱን ለቀናት፣ አንዳንዱን ለሳምንታት። የተወሰደው መቅኔ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ባለው ጊዜ ራሱን ይተካል።

አደጋ የለውም የሚላችሁን አትመኑ። ትንሽ አደጋ አለው። በአሜሪካው መዝገብ ለጋሾች ላይ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመ ጥናት፣ መቅኔ ከሰጡት መካከል 2.4 በመቶ ያህሉ፣ በደም ሥር ከሰጡት ደግሞ 0.6 በመቶ ያህሉ ከበድ ያለ የጤና ችግር እንደገጠማቸው አሳይቷል። ከ100 ለጋሾች ከ97 የሚበልጡት ከበድ ያለ ችግር ሳይገጥማቸው ወደ ሥራቸው ይመለሳሉ ማለት ነው። ገንዘቡን በተመለከተ ለጋሹ አንዲት ሳንቲም አያወጣም። ምርመራው፣ ሕክምናው፣ የአውሮፕላን ቲኬቱ፣ ሆቴሉ፣ አብሮት የሚሄደው ሰው ወጪ ይሸፈናል። በሰዓት ተከፍሎት የሚሠራ ሰው ከሆነና ሥራ በመቅረቱ ደሞዙ ከተቆረጠ ለዚያም የሚረዳ አሠራር አለ፤ ጠይቁ። ብዙ ወገኖቻችን ይህን ሳያውቁ «የቤት ኪራይ ይጎድልብኛል» ብለው ይቀራሉ።

የሳጥኑ መንገድ

ከረጢቱ ከለጋሹ ክፍል ሲወጣ ሙቀቱ በሚጠበቅ ትንሽ ሳጥን ውስጥ ይገባል። ብዙ ጊዜ በረዶ እስኪሆን አይቀዘቅዝም፤ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ባለው ቅዝቃዜ ይያዛል፤ በሁለት ሦስት ቀን ውስጥም በሽተኛው ጋ መድረስ አለበት። የሚይዘው ሰው ለዚህ የሠለጠነ ተጓዥ ነው፤ ብዙዎቹ ያለ ደሞዝ የሚያገለግሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው። ሳጥኑ በሻንጣ ክፍል አይጫንም፣ በአየር ማረፊያው ኤክስሬይ አያልፍም፣ ከእጃቸው አይለይም። እንቅልፍ ቢይዛቸው እንኳ ሳጥኑ በእግራቸው መካከል ነው። በረራ ቢሰረዝ ሌላ መንገድ አስቀድሞ ታስቧል። ቀጥሎ አውሮፕላን ውስጥ አጠገባችሁ ትንሽ ሳጥን ታቅፎ የተቀመጠ ሰው ብታዩ፣ የአንድ ሰው ዕድሜ ይዞ ይሆናል።

በሽተኛው ክፍል ውስጥ የሚሆነው ደግሞ ለሚያየው በጣም ተራ ነገር ነው። ቀዶ ሕክምና የለም። ከረጢቱ እንደ ማንኛውም ደም ይሰቀላል፣ በደም ሥር ይወርዳል፣ ያልቃል። ስቴም ሴሎቹ ወደ አጥንት የሚገቡበትን መንገድ ራሳቸው ያገኙታል። ሐኪሞቹ ያን ቀን «ዜሮ ቀን» ብለው ይቆጥራሉ፤ ብዙ ቤተሰቦች ሁለተኛ ልደት ይሉታል። ከዚያ ሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ይጠበቃል። በየጠዋቱ ደም ይቀዳል፣ ነጭ የደም ህዋስ ይቆጠራል፤ ቁጥሩ ከወረደበት መነሳት ሲጀምር መቅኔው ያዘ ይባላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ዝምታ

ለጋሽ ሆይ፣ ይህን ቀድመህ እወቅ። ስቴም ሴልህን ማን እንደተቀበለ አይነገርህም። ቢበዛ ዕድሜውን፣ ፆታውንና የበሽታውን ዓይነት ትሰማለህ። በአሜሪካው አሠራር ስምና አድራሻ መለዋወጥ የሚቻለው አንድ ዓመት ካለፈ በኋላ ሁለቱም ከፈቀዱ ብቻ ነው፤ በሽተኛው ይህን በማይፈቅዱ አገሮች ያለ ከሆነ ጨርሶ ላትተዋወቁ ትችላላችሁ። በዓመቱ ውስጥ ደብዳቤ ብትጽፍ አስተባባሪዎች ያነቡትና ስምና ቦታ የሚያመለክተውን ያወጡበታል። ይህ የሚደረገው ሁለታችሁንም ለመጠበቅ ነው፤ በመካከላችሁ ገንዘብ እንዳይጠየቅ፣ ውለታም ዕዳ እንዳይሆን።

ሁሉም በሽተኛ አይድንም። በሽታው ሊመለስ ይችላል፤ የለጋሹ ህዋሳት የበሽተኛውን አካል እንደ ባዕድ ቆጥረው ሊያጠቁት ይችላሉ። መጥፎ ዜና የሰማ ለጋሽ «የእኔ ደም ደካማ ሆኖ ነው» ብሎ ራሱን ሲወቅስ ሰምቻለሁ። ይህ ፍጹም ስህተት ነው። ለጋሹ የሰጠው ዕድሉን ነው፤ ያ ዕድል ደግሞ በቀላሉ የሚገኝ አልነበረም።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። ባልቲሞር ያለው የጆንስ ሆፕኪንስ ሐኪሞች ያዳበሩት፣ ከንቅለ ተከላው በኋላ ሳይክሎፎስፋማይድ የሚባለውን መድኃኒት የመስጠት ዘዴ፣ ግማሽ ብቻ የሚገጥም ወላጅ ወይም ልጅ፣ እንዲሁም ሙሉ በሙሉ ያልገጠመ ባዕድ ለጋሽ እንዲሰጥ በር ከፍቷል። እንደ እኛ ላሉ መዝገቡ ላይ ጥቂት ለሆኑ ሕዝቦች ይህ ትልቅ ነገር ነው። «ሙሉ በሙሉ የሚገጥም የለም» የተባለ በሽተኛ ዛሬ መንገዱ አልተዘጋበትም። በከፊል የገጠመ ሐበሻ ለጋሽም ትናንት ከሚያስፈልገው በላይ ዛሬ ያስፈልጋል።

ከመመዝገባችሁ በፊት

የማውቀውን ነገርኳችሁ። አሁን የምለምናችሁ ይህን ነው። ጥጡን ከመያዛችሁ በፊት ማታ ቤት ሂዱና ለእናታችሁ፣ ለትዳር አጋራችሁ ንገሩ። «አንድ ቀን ቢደወልልኝ እሄዳለሁ» ብላችሁ ጮክ ብላችሁ ተናገሩት፤ መልሳቸውን ዛሬ ስሙት። ቅጹ ላይ የማይጠፋባችሁን ሰው ስም ጻፉ። ስልካችሁን ስትቀይሩ ለባንካችሁ እንደምታሳውቁት ለመዝገቡም አሳውቁ። ከተመዘገባችሁ በኋላ ሐሳባችሁ ከተለወጠ፣ ከታመማችሁ ወይም ካልቻላችሁ ደውላችሁ ስማችሁን አስወጡ፤ ማንም አይቀየማችሁም።

ዕድሜያችሁ ያለፈ አባቶችና እናቶች፣ የእናንተ ድርሻ ልጁን «አይሆንም» አለማለት ነው። የምታውቁትን ወጣት ወደ ጠረጴዛው አምጡ፤ ሲጠራ በመኪናችሁ አድርሱት፤ ሲመለስ ሾርባ አብስሉለት። ካህናትና ኢማሞች፣ አንድ ጊዜ ከመድረክ የምትናገሩት ቃል እኛ ዓመቱን ሙሉ ከምንለፋው ይበልጣል።

በአሜሪካ ኤንኤምዲፒ፣ በእንግሊዝ አንቶኒ ኖላን፣ በጀርመን ዲኬኤምኤስ፣ በእስራኤል ዔዘር ሚፂዮን ይመዘግባሉ። የአንዱ መዝገብ በሌላው አገር ስለሚታይ አንድ ቦታ መመዝገብ ይበቃል። የዕድሜ ገደቡ ከመዝገብ መዝገብ ይለያያልና ባላችሁበት ጠይቁ። አስባችሁ፣ ቤተሰብ አማክራችሁ ከወሰናችሁ፣ ጤነኛና ወጣት ከሆናችሁ፣ ሌላ ዓመት አትጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ተመዝገቡ።